ስለ ጣልያን ዘመን ለምትጽፉ፦ ሐኪሙ በእጁ ምን ነበረው?

የጣልያንን ወረራ መነሻ ያደረጉ ልብ ወለዶች እንደገና እየተጻፉ ነው፤ ደስ ይላል። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ የሚመጡት ረቂቆች ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለታሪካቸውን ሐኪም ቤት ያስገቡታል። ወይ ድሬሰር (ቁስል አጣቢና አሳሪ) ነው፣ ወይ አስታማሚ ናት፣ ወይ የውጭ ሐኪም አስተርጓሚ ነው። ምርጫው ትክክል ነው። በ1928 ዓ.ም. ወሎ ላይ የወረደውን ሁሉ፣ ቦምቡንም ጋዙንም ሽሽቱንም ተስቦውንም፣ አንድ ድንኳን ውስጥ ሆኖ የሚያየው ሰው ቁስል አጣቢው ነው። የማይዋጥልኝ ታሪኩ ቁስሉ ጋ ሲደርስ መሮጡ ነው። ሐኪሙ አንድ መርፌ ይወጋል፣ በሽተኛው ያቃስታል፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል። ያን ጊዜ ግን ሕክምና ማለት በአብዛኛው ማጠብ፣ ማሰርና መጠበቅ ነበር። ታሪኩም ያለው እዚያው መጠበቁ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ የዘመን ቆጠራውን አጥሩ። ጸሐፊው ፔኒሲሊን መቼ ተገኘ ብሎ ይፈልጋል፤ 1928 የሚል መልስ ያገኛል፤ ታሪኩም በ1928 ስለሚካሄድ ባለታሪኩን ፔኒሲሊን ያስወጋዋል። ያኛው 1928 የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1921 መባቻ ላይ ይውላል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ሳይንቲስት ፍሌሚንግ ያየው ሻጋታ መድኃኒት እስኪሆን ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ኦክስፎርድ ውስጥ በጠና ለታመመ አንድ ፖሊስ በመርፌ የተሰጠው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ሰውየው ማገገም ጀምሮ ሳለ መድኃኒቱ አለቀና ሞተ። ስለዚህ ማይጨው ላይ፣ ቆረም ላይ፣ ደሴ ላይ ፔኒሲሊን የለም። ከፔኒሲሊን በፊት ቁስል ላይ ይሠራ የነበረው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሰልፋም ጀርመን ውስጥ ይፋ የሆነው ጦርነቱ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት ስለሆነ፣ በ1928 የወሎ ድንኳን ውስጥ አታስገቡት። መጨረሻችሁ ሚያዝያ 1933 ላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ከጣልያን ያስለቀቀው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ነው፤ በእንግሊዝ በኩል የተሰለፉት የጦር ሐኪሞች ያን ጊዜ ሰልፋ በእጃቸው ነበራቸው። በዚያ ወር አንድ ቁስለኛ በሰልፋ ኪኒን ቢተርፍ ማንም አይከራከራችሁም።

ታዲያ በ1928 የሐኪሙ ሣጥን ውስጥ ምን አለ? ቁስል ማጽጃዎቹ ቲንክቸር አዮዲንና ፐርማንጋኔት፣ ለሕመም የሞርፊን አምፑል፣ ማደንዘዣዎቹ ኤተርና ክሎሮፎርም፣ ለወባ ኩዊኒን፣ የመንጋጋ ቆልፍ ሴረም፣ ጄሶ፣ ፋሻና ጥጥ። ከሁሉ በላይ ግን እጅ የሚያደክመው የዳኪን ፈሳሽ ነው። ይህ የተቀጠነ በረኪና ማለት ነው፣ 0.5 በመቶ ገደማ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ እግርና ክንድ ከመቆረጥ ያተረፈው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ የሞተውንና ጨርቅና አፈር የገባበትን ሥጋ ቆርጦ ያወጣል፤ ቁስሉን አይሰፋውም፤ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ውስጡ ያስገባል፤ ከዚያ በየ2 ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ፈሳሹ በቱቦው ይፈስሳል። ፈሳሹ ብርሃን ሲመታው ይደክማል፣ ስለዚህ ትኩስ ትኩሱን መበጥበጥ ያስፈልጋል። ከጠነከረ ደግሞ ጤነኛውን ሥጋና የዳሩን ቆዳ ይበላዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ድሬሰሩ ነው። አንድ ሌሊት፣ አሥር ቁስለኛ፣ በየ2 ሰዓቱ፤ በመሃል እንቅልፍ የወሰደው ዕለት የሚሆነውን አስቡት። ለእኔ ይህ ከየትኛውም የተኩስ ትዕይንት ይበልጣል።

ቁስሉን ቶሎ መስፋት ያን ጊዜም ገዳይ ስሕተት እንደነበር ልብ በሉ። የቦምብ ፍንጣሪ ጨርቅ፣ አፈርና የከብት እበት ይዞ ነው የሚገባው። ከላይ አምሮ የተሰፋ ቁስል ከውስጥ ይመግላል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ያብጣል፣ ይሸታል። ልምድ የሌለው ሐኪም ሰፍቶ፣ ልምድ ያለው መጥቶ ስፌቱን በመቀስ ሲፈታው ብታሳዩ አንባቢው ማን ማን እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለወሎ ብቻ ልዩ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። የብርጭቆ ሲሪንጅና መርፌ ቀቅሎ ማጽዳት ወግ በነበረበት ዘመን፣ ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሐኪም በለመደው ደቂቃ ቢያወጣው ዕቃው በደንብ አልጸዳም ማለት ነው፤ ጊዜውን ማርዘም አለበት። ማገዶው ከየት ይመጣል? ኩበትና ባሕር ዛፍ ማን ይሸከማል? አየር ኃይል ከላይ እያሰሰ ጭሱ እንዴት ይደበቃል? ከአንድ ድስት ውሃ ስንት ገጽ ይወጣል።

ማደንዘዣው ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። ኤተር ሰውን በአንድ ትንፋሽ አይጥልም። በጎዝ የተሸፈነ የሽቦ ጭንብል ፊቱ ላይ ይደረጋል፣ ፈሳሹ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፣ እስኪያንቀላፋ 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በመሃል በሽተኛው ይራገጣል፣ ይጮኻል፣ የሚይዙት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ሲነቃ ያስመልሰዋል። የኤተር ትነት ደግሞ በእሳት ይያያዛል። በፋኖስና በኩራዝ ብርሃን በድንኳን ውስጥ ኤተር የሚያፈስስ ሐኪም ድንኳኑን ያቃጥላል። ሌሊት ከሆነ ክሎሮፎርም ስጡት፤ በጥቂት ደቂቃ ያስተኛል፣ በእሳት አይያያዝም፣ ነገር ግን ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ቀን እስኪነጋ መጠበቅ ወይስ አሁኑኑ በክሎሮፎርም መቁረጥ? እውነተኛው ጭንቀት ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ መፍጠር አያስፈልግም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ የተደበደበችበትን ዕለት የምትጽፉ ሁለት ነገር ያዙ። ያን ቀን ከተማዋ ላይ የወረደው ፈንጂና የሚያቃጥል ቦምብ ነው፤ ጋዝ አልነበረም። ጋዙ በአውሮፕላን መጣል የጀመረው በታኅሣሥ፣ በተከዜ ግንባር ነው። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሐኪም ቤት በቀይ መስቀል ምልክት ሥር ሆኖ ተመትቷል፤ ሐኪሞቹም ተቃውሟቸውን ለመንግሥታት ማኅበር በቴሌግራም አስተላልፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ ደሴ ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ቀን የምታክሙት የሣር ክዳን ተያይዞበት የተቃጠለ ሰውና በፍንጣሪ የተመታ ሰው ነው። የቃጠሎ ሕክምናው ያን ጊዜ ታኒክ አሲድ ነበር። ቁስሉ ላይ ይረጫል ወይም በጨርቅ ይደረጋል፤ ከሰዓታት በኋላ ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል። መድኃኒቱ ከሌለ በጣም የጠነከረ ሻይ ይጠቀሙ ነበር። በኋላ ጉበት እንደሚጎዳ ታውቆ ቀርቷል፤ የእናንተ ሐኪም ግን ይህን አያውቅም፣ በሙሉ ልቡ ነው የሚያደርገው። ባለታሪክን ከዘመኑ በላይ አዋቂ ማድረግ ትልቅ ፈተና ነው፤ እዚህ ላይ ጽኑ።

አሁን ወደ ጋዙ። አብዛኛው ረቂቅ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሰውየው ጋዝ ነካው፣ ጮኸ፣ ወደቀ፣ ሞተ ይላል። ኢፔሪት፣ የሰናፍጭ ጋዝ የምንለው፣ እንዲያ አይገድልም። በመጀመሪያ ነገር ጋዝ ሳይሆን ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ ወደ ቢጫና ቡናማ ይወስደዋል፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ሰናፍጭ ይሸታል። ጣልያን ይጥለው የነበረው ትልቁ ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ የሚይዝ ሆኖ ከመሬት ከፍ ብሎ እየፈነዳ የሚረጭ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ፣ አውሮፕላኖች እንደ ዝናብ ሲያርከፈክፉት እንደነበር ተናግረዋል። ጠብታው ቆዳ ላይ ሲያርፍ አያምም። ሰውየው ጠረግ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ልብሱን አይለውጥም፤ ምን ሆኖ ይለውጣል?

ጠብታው ከነካው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ ዓይኑ ይጀምረዋል። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ እንባው ይፈሳል፣ ብርሃን ያስጠላዋል፣ የዓይኑ ቆብ አብጦ ይከደናል። ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል። በማግሥቱ ውሃ ይቋጥራል፤ ትንንሾቹ እየተጋጠሙ የእጅ መዳፍ የሚያክል ይሆናሉ። ክፉኛ የሚጎዱት ላብ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ብብት፣ ብሽሽት፣ አንገት። ባዶ እግሩን ለሚሄድ ወታደር ደግሞ እግሩ። ድምፁ ይሻክራል፣ እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ይህ ሳል የሚያመጣው የሳንባ ምች ነው፤ ሞቱም ከሦስተኛው ቀን በኋላ፣ በሳምንቱ ገደማ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጋዝ የነካው ባለታሪክ ለመናገር፣ ለመናዘዝ፣ ለመታረቅ፣ ዕዳውን ለመንገር ብዙ ቀን አለው። ለደራሲ ከዚህ የሚበልጥ ምን ይሰጠዋል?

የደጋው ቅዝቃዜም ሥራ አለው። ኢፔሪት 14 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይረጋል። በአሸንጌና በቆረም ሌሊት ሣሩና ድንጋዩ ላይ ረግቶ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ይተናል። ሌሊት በሰላም ያለፉበትን ሜዳ ረፋድ ላይ የተሻገሩ ይቃጠላሉ። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወደ ገደል፣ ወደ ሸለቆ፣ ወደ ዋሻ ይወርዳል። ከአውሮፕላን ለመሸሸግ ዝቅ ያለ ቦታ መፈለግ የወታደር ደመ ነፍስ ነው፤ ያው ደመ ነፍስ ነው የሚገድለው። ሚያዝያ 1931 በመንዝ ዘረት ዋሻ ውስጥ ተጠልለው በነበሩት አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የደረሰው የዚህ እጅግ የከፋው ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው? ማርከሻ የለውም፤ ዛሬም የለውም። የሚያድነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልብስን አውልቆ ቆዳን ማጠብ ነው፤ በሳሙና፣ በብዙ ውሃ፣ ቢገኝ በቀጭን በረኪና። እንዶድ ያለበት አገር ነውና ሳሙና የለም ብላችሁ አትለፉት። ጋቢና ኩታ ፈሳሹን ጠጥቶ ይይዛል፤ ቁስለኛውን ተሸክሞ ያመጣው ወንድሙ በማግሥቱ ጀርባው ውሃ ይቋጥራል፣ ልብሱን ያጠበችው ሴት እጇ ይላጣል። ውሃ የቋጠረው ራሱ ሲፈነዳ ግን ሌላ ሰው አይመርዝም፤ በእሱ ሰበብ ሌላ ሰው አታሳምሙ። ቅቤ መቀባትስ? ያለንን ሁሉ የምንቀባው ቅቤ እዚህ ላይ ይጎዳል። መርዙ በቅባት ስለሚሟሟ፣ ሳይታጠብ ከተቀባ ይዞት ይቆያል። እናት ለልጇ ከጓዳዋ የቀረችውን ቅቤ አውጥታ ስትቀባው ድሬሰሩ እጇን መያዝ አለበት፤ እንዴት እንደሚነግራት ደግሞ የእናንተ ፈንታ ነው። በደረቁ መከልከል አይሆንም። «እማማ፣ ቅቤውን ይቆጥቡለት፤ ቆዳው ይታጠብና ደረቅ ይበል፣ ያኔ እርስዎ ራስዎ ይቀቡታል» ሲላት፣ እሷ ደግሞ «አላህ ያሽርልኝ እንጂ፣ አንተ ታውቅ የለ ልጄ» ብላ ቅሉን ስትከድን ይበቃል። የወሎ ሰው በድንኳን ውስጥም ቢሆን አዛውንትን አንቱ ይላል፣ በሽተኛውንም «አብሽር» ይለዋል።

ትኩሳቱን በተመለከተ ቀን ቁጠሩ። ከደሴ ወደ ባቲ፣ ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ቆቦ ቆላ የወረደ ሰው በማግሥቱ ወባ አይጥለውም፤ ቢያንስ ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ደጋ ከተመለሰ በኋላ ቢንቀጠቀጥ የበለጠ ያምራል፣ እውነትም ነው። ኩዊኒን ሲወስድ ጆሮው ይጮኽበታል፣ አፉን ይመርረዋል። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ደግሞ ለብቻው ልብ ወለድ ይወጣዋል። አምስት ስድስት ቀን አንድዶት በድንገት ይለቀዋል፤ ሰው ዳነ ብሎ ጠላ ይጠምቃል፤ ሳምንት ቆይቶ ይመለስበታል። መድኃኒቱ ያን ጊዜ ለቂጥኝ የሚሰጠው ኒዮሳልቫርሳን ነበር። መርፌው በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ተሕዋስያኑ በአንድ ጊዜ ስለሚሞቱ፣ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ይመጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ አንዳንዱም በዚያው ይሞታል። ቤተሰብ «መርፌው ገደለው» ቢል ፍጹም ሊፈረድበት አይችልም። ተባይ ማጥፊያው ዲዲቲ ገና አልመጣም፤ ቅማል የሚሞተው ልብስ በመቀቀል ነው፣ ይኸው ወደ ማገዶው ተመለስን።

ወጌሻውን አታሳንሱት። ቆዳ ያልቀደደ ስብራት በቀርከሃና በጨርቅ አስሮ በማቆም የሚተካከለው የለም። ወጌሻው የሚሸነፈው አጥንት ቆዳ ቀድዶ ሲወጣና ማሰሪያው ሲጠብቅ ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ከደነዘዙ ማሰሪያው መላላት አለበት፤ ካልላላ እግሩ ይሞታል፣ ከዚያ የሚቀረው መቁረጥ ነው። ጎበዝ ወጌሻ ጣት ነክቶ ያውቃል። ድሬሰሩና ወጌሻው አንድ በሽተኛ ላይ ቢገናኙ፣ አንዱን አዋቂ ሌላውን መሃይም አድርጋችሁ አትጻፉ። ወዳጃውም (የዱዓ ስብሰባው) ጠበሉም እንደዚያው፤ በሽተኛው ሁለቱንም እየሄደ ድንኳኑም ይመጣል፣ በወሎ ይህ ቅራኔ የለውም።

እውነተኛ ስሞችን በጥንቃቄ ያዙ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው፤ ጦርነቱ የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም፤ ስለዚህ ድሬሰራችሁ የብዙ ዓመት ሥልጠና ሊኖረው አይችልም፣ ቀድሞ ሚሲዮን ሐኪም ቤት ካልሠራ በቀር። የስዊድን አምቡላንስ (ተንቀሳቃሽ የጦር ሜዳ ሐኪም ቤት ማለት ነው) በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በዶክተር ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ በቆረም አቅራቢያ የካቲት 25 ቀን ተደብድበዋል። እነዚህን ቀኖች ማዛወር አያስፈልግም፤ ቀኑን እንዳለ ትታችሁ ድንኳኑን ፍጠሩ። ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚሻ ደግሞ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩትን ዶክተር መላኩ በያንን ያንብብ።

ከሚያዝያ 7 ቀን 1928፣ ደሴ ከተያዘች በኋላ የሚካሄድ ታሪክ ሌላ ሕግ አለው። የጣልያን ሐኪምና የወሎ አስታማሚ ፍቅር ደጋግሞ የሚመጣ ነገር ነው። ሚያዝያ 1929 የወጣው ድንጋጌ ጣልያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ከኖረ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣዋል። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የሚሆነው አንድ አይደለም፤ በምን ወር እንደሆናችሁ እወቁ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላም ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ አዝማሪዎችንና ባሕታውያንን እያስለቀመ አስገድሏል። ሥር ማሽና ክታብ ጻፊ የሆነ ባለታሪክ ካላችሁ በ1929 ጸደይ ላይ በነፃነት ገበያ አታዙሩት።

ታሪኩም በ1933 ማለቅ የለበትም። በኢፔሪት የተጎዳ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ ወዲያው ለዘለቄታው መታወር ብዙም አይደለም። ነገር ግን በአንዳንዶች ላይ ከ15፣ ከ20 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ የዓይኑ መስተዋት (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) እንደገና ይቆስላል፣ ይደበዝዛል። ሳንባውም የከረመ ሳል ይይዛል፤ ቆዳው ላይ የጠቆረው ጠባሳ አይለቅም። በ1950ዎቹ ደሴ ሐኪም ቤት ዓይኑን ታሞ የመጣ አርበኛ፣ ፊቱ ያለው ወጣት ሐኪም ኢፔሪት አይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ትራኮማ ነው ተብሎ ቅባት ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን መጠቀሙን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌው እስከዚያ ከቆየ በዘጠናዎቹ ዕድሜ ገብቷል ማለት ነው፣ በማይጨው 30 ዓመቱ ከነበረ። 15 ካደረጋችሁት፣ ስንቅ ተሸካሚ ልጅ ከሆነ፣ 75 ነው፤ ዜናውን ራሱ በሬዲዮ ሊሰማው ይችላል። ባለታሪካችሁን ስትፈጥሩ የልደት ዓመቱን ከዚህ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።